ለኅዳር 12 ይቃጠል የተባለ መዝገብ ቤት፦ ሳላቃጥል በምን ላቅለው?

የሆጤዋ (ጠያቂ)

ሰላም ናችሁ ወገኖቼ። ደሴ ላይ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሪከርድና ማህደር ሠራተኛ ነኝ። እዚሁ ክፍል ውስጥ ስሠራ 14 ዓመት ሞላኝ። ምክር ፈልጌ ነው የጻፍኩት፤ ቀኑም እየሄደብኝ ነው።

ኅዳር 12 ደረሰ። ባለፈው ሰኞ ኃላፊያችን መዝገብ ቤት ገብተው ዙሪያውን አዩና «ይሄን አሮጌ ወረቀት ለኅዳር ሚካኤል አውጥታችሁ አጽዱት፤ ክፍሉ ለስብሰባ ይፈለጋል» አሉኝ። እኛ ቢሮ አጽዱት ማለት አቃጥሉት ማለት ነው። ያን ቀን ከየግቢው ጭስ ይነሣል። ደሴ ደግሞ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ነፋስ ከሌለ ጭሱ መውጫ አጥቶ ሰፈር ላይ ተኝቶ ይውላል። ልማዱ የመጣው በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ጊዜ እንደሆነ ሁላችንም እንሰማለን። ያኔ ግን በሰው ግቢ ፕላስቲክ የሚባል ነገር አልነበረም። የእኛ ክምር የክላሰር ሽፋን አለበት፣ ላሚኔት የተደረገ መታወቂያ አለበት፣ ካርቦን አለበት፣ አንዳንዴ ያለቀ ቶነር ሳይቀር ይወረወርበታል። አምና እሳቱን የጠበቅኩት እኔና አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ነን፤ ሳምንት ሙሉ ሁለታችንንም ሲያስለን ከረመ። ከአጥራችን ወዲያ የሕፃናት መዋያ አለ።

በዓይን አይቼ «ብዙ ነው» ከምል ብዬ ከጎረቤት ልብስ ሰፊ ሜትር ተውሼ መደርደሪያውን በሙሉ ለካሁት። ጎን ለጎን የቆመው ማህደር ሲደመር 43 ሜትር ሆነ። አንድ ደስጣ ባለ 80 ግራም ኤ4 ወረቀት 500 ቅጠል ነው፤ ውፍረቱ 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ ሁለት ኪሎ ተኩል። በዚህ ስሌት አንድ ሜትር 10 ሺህ ቅጠል፣ 50 ኪሎ ይይዛል። የእኔ 43 ሜትር እንግዲህ እስከ 430 ሺህ ቅጠል ይደርሳል፤ ከ21 ኩንታል በላይ ወረቀት ማለት ነው። የዛፉን ነገር ተዉት፤ የመንገዱን ብቻ አስቡት። ከባሕር ማዶ መጥቶ ጅቡቲ ይራገፋል፣ ሚሌ ላይ ወደ እኛ የሚገነጠለውን መንገድ አልፎ አዲስ አበባ ይገባል፣ ከነጋዴ እጅ ተገዝቶ እንደገና 400 ኪሎ ሜትር በመኪና ወደ ደሴ ይወጣል። ከዚያ እኔ ዘንድ 10 ዓመት ቆሞ በአንድ ከሰዓት ይነዳል።

ከዚያ አንድ ጉዳይ መርጬ ዱካውን ተከተልኩ። የአንድ ሠራተኛ የ5 ቀን የዓመት ፈቃድ ነው። ማመልከቻው አንድ ቅጠል። የክፍሉ ኃላፊ ሸኚ ደብዳቤ አንድ። የሰው ሀብት መልስ አንድ፤ ከሥሩ «ግልባጭ» ተብሎ ለአራት ክፍል ተበትኗል። አራቱም ክፍል ግልባጩን ገቢ መዝገብ ላይ ቁጥር ሰጥተው በየማህደራቸው አስገብተውታል። ሁለቱ ደግሞ ፎቶ ኮፒ አንሥተው «እንዲያውቁት» ብለው ለሌላ ሰው መርተውታል። መዝገብ ቤቱ ለራሱ ያስቀረው ቅጂ ሁለት። ከየክፍሉ ሰብስቤ ጠረጴዛ ላይ ስደረድረው 11 ቅጠል ሆነ። ዋናዎቹ ሦስት ናቸው፤ ስምንቱ ያው የእነሱ ጥላ ነው። መደርደሪያዬን የሞላው ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው። የገረመኝ ደግሞ እነዚያን ስምንቱን ቁጥር ሰጥቼ፣ ክር አስሬ፣ ሳልሰለች የደረደርኳቸው እኔው መሆኔ ነው፤ ሥራው እንዲህ ነው ተብዬ ነው የተማርኩት።

አቃጥዬ ልገላገል እንዳልል አንድ ነገር ያስፈራኛል። አምና ከተቃጠለው ውስጥ ምን እንደነበር በዝርዝር የጻፈ ሰው የለም። ባለፈው ሐምሌ አንዲት እናት ከኩታበር መጡ። ባለቤታቸው እኛ ቢሮ ሠርተው ያረፉ ናቸው፤ ለጡረታ የአገልግሎት ማስረጃ ጎደለ ተብለው ነው። ሦስት ቀን ፈለግሁ። የለም። አራት ጊዜ በዝናብ ተመላልሰዋል። በመጨረሻ «አብሽሪ ልጄ፣ አንቺ ምን ታደርጊ» ብለውኝ ሄዱ። እኔን ማጽናናት የእሳቸው ድርሻ አልነበረም። ያን ቀን የበላሁት አልወረደልኝም።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ይህን ሁሉ ሳላቃጥል፣ ደግሞም የሰው ማስረጃ ሳላጠፋ፣ እንዴት ልቀንሰው? ስካን አድርጊው የሚሉኝ አሉ፤ እውነት መፍትሔው እሱ ነው? ከዚህ ወዲያ ደግሞ ክምሩ ተመልሶ እንዳይመጣ ምን ላድርግ? በወር 9 ካርቶን ወረቀት ነው የምንጨርሰው። ካርቶኑ 5 ደስጣ ስለሆነ 112 ኪሎ ተኩል ማለት ነው፤ በየወሩ።

የወልድያው ጡረተኛ

ልጄ፣ ጽሑፍሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔም ዕድሜዬን በመዝገብ ቤት የጨረስኩ ሰው ነኝ። ሜትር ተውሶ መደርደሪያ የለካ ባልደረባ በሥራ ዘመኔ አላጋጠመኝም። ግማሹን ሥራ ሠርተሻል።

መጀመሪያ እሳቱን አስቁሚ። የመንግሥት መዝገብ የኃላፊው ንብረት አይደለም፤ ክፍል ጠበበኝ ተብሎ በቃል ትእዛዝ አይወገድም። ስለ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት የወጣውን አዋጅ ቁጥር 179/1991 ፈልገሽ አትሚና (ይህቺስ ብትታተም ዋጋዋን ታወጣለች) ለኃላፊሽ ስጫቸው። አካሄዱ ዝርዝር ይዘጋጃል፣ የማስወገጃ ኮሚቴ አይቶት ቃለ ጉባኤ ይይዛል፣ ፈቃድ ከሚመለከተው አካል ይመጣል፣ ከዚያ በኋላ ይወገዳል። አብዛኛው ኃላፊ ክፉ ሆኖ አይደለም የሚያቃጥለው፤ ሌላ መንገድ እንዳለ የነገረው ሰው ስለሌለ ነው። አንቺ ንገሪያቸው፤ በቃል ሳይሆን በማስታወሻ፣ ቀንና ፊርማ ያለበት።

አሁን ወደ 43 ሜትሩ። ከአሮጌው አትጀምሪ። ሁሉም ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «የ1985 ስለሆነ ይውጣ» ይላል። የወረቀት ዕድሜ የሚለካው በዓመተ ምሕረቱ አይደለም፤ በውስጡ ያለው ጉዳይ አልቋል ወይስ አላለቀም በሚለው ነው። የ1985 የቅጥር ደብዳቤ ዛሬም ሥራ ላይ ነው፤ ሰውየው ገና ጡረታ አልወጣ ይሆናል፣ ወጥቶም ሚስትና ልጅ አሉት። ያለፈው ሳምንት የስብሰባ ጥሪ ግን ስብሰባው ባለቀ ማግሥት ሞቷል። ስለዚህ በዓመት ሳይሆን በዓይነት ለይው። ዋናው የማን እጅ ላይ ነው ብለሽ ጠይቂ። የሰው ሀብት ጉዳይ ዋናው የሚገኘው የሠራተኛው የግል ማህደር ውስጥ ነው፤ የገንዘቡ ሂሳብ ክፍል ነው፤ የዕቃው ሞዴል 19ና ሞዴል 22 (የዕቃ ገቢና ወጪ ደረሰኝ) ንብረት ክፍል ነው። ዋናው በባለቤቱ ክፍል በእርግጥ መኖሩን ዓይተሽ ካረጋገጥሽ፣ ሌላ ክፍል ያለው ግልባጭ ለመወገድ የመጀመሪያው ነው። ዓይተሽ ያልኩት ቃል ይሰመርበት። «ይኖራል» ብሎ የወጣ ግልባጭ ስንት ሰው አስለቅሷል።

የቅጥር፣ የአገልግሎት፣ የጡረታ፣ የመሬትና የካሳ፣ በፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይ፣ የኦዲት ጥያቄ ያልተዘጋበት ሂሳብ፤ እነዚህን በዚህ ዙር እንዳትነኪ። የበላይ አካል መመሪያዎች ቀሪ፣ መሥሪያ ቤቱ የተቋቋመበት ወረቀት፣ የድሮ ቃለ ጉባኤ ደግሞ ለታሪክ የሚቀር ነው፤ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) የሚፈልገው ዓይነት ሊሆን ይችላል። ከዚህ ሁሉ ውጭ የሆነው፣ ማለትም ግልባጭ፣ ረቂቅ፣ ጥሪ፣ የበዓል መልካም ምኞት፣ ዘመኑ ያለፈበት ባዶ ቅጽ፣ አንድ ዓይነት ሪፖርት ሦስት ቦታ፣ እሱ ነው ክፍልሽን ያጣበበው። እኔ ባየኋቸው መዝገብ ቤቶች ከግማሽ የማያንሰው ይሄ ነበር።

ግልባጩን ከምንጩ ለማድረቅ ሐይቅ እስጢፋኖስን አስቢ፤ ከአንቺ 30 ኪሎ ሜትር ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል። በዚያው ወንጌል ላይ ለገዳሙ የተሰጡት መጻሕፍት ዝርዝር ተጽፏል፤ በአገራችን ከሚታወቁት የመጻሕፍት ዝርዝሮች ቀደምት ከሚባሉት ነው። የጥንት አባቶች የርስትና የጉልት ጉዳይ ሲሆንም ለየብቻ ማህደር አልከፈቱም፤ በወንጌሉ ባዶ ገጽ ላይ ጻፉት። ብራና የበግና የፍየል ቆዳ ነው፤ ተፍቆ፣ ተወጥሮ፣ ደርቆ ስንት ድካም አለበት። አንድ ነገር አንድ ጊዜ፣ በታወቀ ቦታ፣ ምስክር ባለበት ተጻፈ። የኛ ወረቀት ርካሽ ስለመሰለን 11 ጊዜ እንጽፋለን፤ ሲፈለግ ግን አንዱም አይገኝም።

አንድ ነገር ጨምሬ ልብቃ። በ2014 ጦርነት ወልድያ ላይ ማህደር ደጅ ተበትኖ ክረምት ሲመታው አይቻለሁ። የበሽተኛ ካርድ፣ የተማሪ ውጤት፣ የመሬት ወረቀት፤ በእግር እየተረገጠ። በአንድ ክፍል ብቻ የተቀመጠ ነገር ያ ክፍል ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ግልባጭ ሁሉ ጠላት ነው አልልሽም። የማይተካው ወረቀት ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ሕንፃ ሊኖረው ይገባል። የዓመት ፈቃድ ግን አይገባውም።

የኮምቦልቻው

እትዬ፣ እኔ ኮምቦልቻ ላይ የቢሮ ኮምፒውተርና ኔትወርክ ሥራ ነው የምሠራው። ጋሼ ያሉት ላይ ስለ ስካኑ ልጨምር፤ ብዙ ቢሮ በዚህ ገንዘቡን ሲያፈስ ስላየሁ።

430 ሺህ ቅጠል በጠረጴዛ ስካነር አንድ በአንድ ቢያነሱት፣ በደቂቃ ሁለት ቅጠል ብንል፣ በቀን 6 ሰዓት ሳያርፉ 720 ቅጠል ነው። 600 የሥራ ቀን ገደማ ይወጣል፤ ከሁለት ዓመት በላይ። ስቴፕል መንቀል፣ የተጨማደደ ማቃናት አልጨመርኩም። ያ ሁሉ ድካም ሲያልቅ ደግሞ ያው ስምንቱ ግልባጭ በኮምፒውተር ውስጥ ቁጭ ብሎ ያገኙታል። መጀመሪያ ማጥራት፣ ስካኑ ከዚያ በኋላ፣ እሱም ለማይተካው ብቻ። የቅጥርና የአገልግሎት ማህደሩን ቢያነሡ ለኩታበሯ እናት ዓይነት ጉዳይ መልስ የሚሰጠው እሱ ነው፤ ሌላው ይቅር።

ሲያነሡ በስልክ ፎቶ አያድርጉት። አንድ የስልክ ፎቶ 3 ሜጋ ባይት አካባቢ ይይዛል፤ በስካነር በ300 ዲፒአይ ጥራት ጥቁርና ነጭ ተደርጎ ፒዲኤፍ የሆነ ደብዳቤ ግን ብዙ ጊዜ ከ100 ኪሎ ባይት አይበልጥም። ልዩነቱ 30 እጥፍ ነው። ማህተሙ በቀለም መታየት ካለበት ያን ገጽ ብቻ በቀለም። የፋይሉን ስም ደግሞ «ስካን001» ብለው እንዳይተዉት፤ የማህደር ቁጥር፣ ዓመተ ምሕረት፣ ጉዳዩ፣ በዚህ ቅደም ተከተል ይሁን። ስም የሌለው ፋይል ከተቃጠለ ወረቀት አይለይም።

ኮምፒውተር ንጹሕ ነው፣ ወረቀት ቆሻሻ ነው የሚለውን ነገር እኔ አልቀበለውም። የአገራችን መብራት ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ ኃይል ስለሆነ በዚህ በኩል ዕድለኞች ነን። መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር ተነሥቶ አንድ ሊትር ናፍጣ በነደደ ቁጥር ግን 2.7 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ሃርድ ዲስክም ዘላለማዊ አይደለም፤ ጥቂት ዓመት አገልግሎ ድንገት ይሞታል። ስለዚህ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ፣ አንዱ ከቢሮው ውጭ። በየማእዘኑ የተቆለለ የሞተ ኮምፒውተርም ራሱን የቻለ መርዝ ነው፤ ውስጡ ባለው ሰሌዳ ላይ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት አለበት፣ አብሮ መቃጠል የለበትም።

በእኔ እምነት ትልቁ ትርፍ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ቴሌግራም ላይ። ዞን ደብዳቤ ይጽፋል፣ ያትማል፣ ይፈርማል፣ ማህተም ይመታል፣ ፎቶ አንሥቶ ለወረዳዎች በቴሌግራም ይልካል። እያንዳንዱ ወረዳ እንደገና ያትመዋል፣ ገቢ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ለአምስት ክፍል ፎቶ ኮፒ ያበዛዋል። አንዱ ደብዳቤ ባንድ ቀን መቶ ቅጠል ይሆናል። ኢንተርኔት ባይኖር እንኳ ቢሮው ውስጥ በተዘረጋ ኔትወርክ አንድ የጋራ ፎልደር ከፍታችሁ፣ ደብዳቤው አንድ ጊዜ እዚያ ገብቶ ክፍሎቹ ቁጥሩን ብቻ ቢቀባበሉ ይበቃል። የኤሌክትሮኒክ ሰነድ ሕጋዊ ዕውቅና የለውም የሚል ካለ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012ን፣ ስለ ፊርማው ደግሞ 1072/2010ን ያሳዩት።

ዛሬውኑ የሚሆን ነገር ከፈለጉ፦ የየኮምፒውተሩን የፕሪንተር ቅንብር ከፍተው በሁለት ፊት እንዲያትም አድርገው ይተዉት። አንድ ጊዜ ከተነካ ሰው ተመልሶ አይቀይረውም።

የሂሳቡ ሰው

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ በዚህ አልስማማም። እናንተ የምትሉት በወሬ ያምራል። ኦዲተር ሲመጣ «ዋናውን አምጣ» ነው የሚለው፤ ከእነ ማህተሙ፣ ከእነ ፊርማው። በኮምፒውተር አለ ብለህ አታልፍም። እኔ አንድ የክፍያ ማዘዣ ጠፍቶብኝ ከደመወዜ ተቆርጧል። ከዚያ ወዲህ ሁሉንም በሁለት በሁለት ነው የማስቀምጠው፣ ማንም ቢመክረኝ አልተውም። ግልባጭ የሚበዛው ሰው ስለሚፈራ ነው። ፍርሃቱ ሳይነሣ ወረቀቱ አይነሣም።

የቧንቧ ውኃዋ

እህቴ ጤና ይስጥልኝ። እኔ ከሁለት ልጆች ጋር ሆኜ ካርቶንና ወረቀት ሰብስበን እየጫንን አዲስ አበባ ላሉ ገዢዎች የምንልክ ነን። ከወረቀቱ ጫፍ ያለሁት እኔ ስለሆንኩ ከዚህ በኩል የሚታየውን ልንገርሽ።

አንዳንድ ቢሮ ወረቀቱን እንዳለ በጆንያ ይሸጣል። ያ ወረቀት ፋብሪካ ላይደርስ ይችላል፤ ግማሹ ሰኞ ገበያ ቆሎና ኦቾሎኒ መጠቅለያ ይሆናል። አንድ ቀን ለልጄ የ5 ብር ቆሎ ገዝቼ ስፈታው የአንዲት ሴት የምርመራ ውጤት ነበር፤ ስሟ፣ ሰፈሯ፣ ሕመሟ፣ ሁሉም። የማውቃት ሴት ናት። ለማንም አልተናገርኩም፤ ወረቀቱን ምድጃ ውስጥ ከተትኩት፣ እስካሁን ሳያት ዓይኗን ማየት ይከብደኛል። ስለዚህ የሰው ስም ያለበት ነገር እንደ ጤፍ ገለባ ተጭኖ እንዳይወጣ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ እሱ ባይኖርም ነውር ነው።

መቁረጫ ማሽን ከሌላችሁ በርሜል ይበቃል። ወረቀቱን በትኖ በውኃ መዘፍዘፍ፣ አሳድሮ በወፍራም እንጨት መምታት። በሁለተኛው ቀን እንደ ገንፎ ይሆናል፤ አንድ ፊደል አይነበብም። ጨምቆ በፀሐይ አድርቆ ለእኛ መስጠት ነው። ውኃውን ግን ቦርከና እንዳትደፉት፤ በቂ ሸክም አለበት። ለሚቀጥለው ዙር መዘፍዘፊያ ይሁን። ደሴ ክረምት አይደርቅም፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው ጊዜው።

ስትለዩ ፕላስቲኩን፣ የክላሰሩን ብረት፣ ካርቦኑን አውጡ። የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝም ከወረቀት ጋር አይቀላቀልም፤ ኬሚካል የተቀባ ነው፣ በሙቀት ነው የሚጽፈው። እዚህ ላይ የሂሳቡ ወንድሜም ይስማኝ፤ ያ ደረሰኝ እኮ ራሱ በዓመት ሁለት ዓመት ይደበዝዛል። በሁለት ብታስቀምጠው ሁለት ነጭ ወረቀት ነው የሚቀርህ። ሳይደበዝዝ ቅጂ ያስፈልገዋል።

ስቴፕል ችግር የለም፣ የምትችሉትን ንቀሉ። ክላሰሩን አትጣሉት፤ ከውስጡ ባዶ ሆኖ ደህና የሆነውን ትምህርት ቤት ብትሰጡት ደስ ይላቸዋል።

የሆጤዋ (ጠያቂ)

ወገኖቼ ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ከጻፍኩ ወዲህ ያደረግሁትን ልንገራችሁ።

አባባ፣ እርስዎ እንዳሉት ማስታወሻ ጽፌ፣ አዋጁን አያይዤ ለኃላፊው ሰጠሁ። አንብበው ዝም አሉ። ማግሥቱን ጠሩኝና «በዚህ ኅዳር አንነካውም፤ እስከ ሰኔ ጨርሺው፣ ኮሚቴውን አቋቁማለሁ» አሉኝ። ጥሩ ሰው ናቸው፤ እንዳሉት ነው፣ የነገራቸው አልነበረም። በርሜልም አስፈቅጃለሁ፤ ቃለ ጉባኤው ተፈርሞ ፈቃዱ ሳይመጣ አንድ ቅጠል አይዘፈዘፍም።

ለሙከራ 3 ሜትር መደርደሪያ ወስጄ በአራት ቀን ለየሁት። ዋናው በባለቤቱ ክፍል እንዳለ በዓይኔ ያየሁለት ግልባጭና ድግግሞሽ 1 ሜትር ከ70 ሆነ። ባዶ ቅጽ 10 ሳንቲ ሜትር፤ ጀርባው ንጹሕ ስለሆነ ቆርጬ ለማስታወሻ አደልኩት። የቀረው 1 ሜትር ከ20 ነው። ከግማሽ በላይ እንደሚሆን ብገምትም ዓይቼ ካልሆነ አላምንም ነበር።

አንዲቷ ግን እጄን አስቁማዋለች። የአንድ የጥበቃ ሠራተኛ የደመወዝ ጭማሪ ደብዳቤ ግልባጭ ናት፤ ሳሳ ያለች፣ በታይፕ የተመታች፣ ጫፏን ምስጥ የቀመሳት። ዋናውን ፍለጋ ሰውየው የግል ማህደር ሄድኩ። የለም። ሂሳብ ክፍል ወረድኩ። የለም። ስማቸው «ግልባጭ ለ» ከሚለው ሥር ከተጻፉት አራት ክፍሎች የሦስቱ አምና ተቃጥሏል። በዓለም ላይ የቀረችው ያቺ ብቻ ናት። «ዓይተሽ ያልኩት ይሰመርበት» ያሉኝ ቃል ባይኖር ከክምሩ ጋር ትሄድ ነበር። በሰውየው የግል ማህደር አስገብቼ፣ ዋናው እንደጠፋ ጽፌ አስፈርሜባታለሁ። ሰውየው አሁንም በር ላይ ናቸው፤ አልነገርኳቸውም፣ ቅጂውን ስሰጣቸው ያኔ ይስሙት።

ወንድሜ የሂሳቡ፣ ያልከው ልክ ነው፤ ፍርሃት ነው። የገንዘቡን ሰነድ አልነካም፣ አንተ ዘንድ ያለው ባለበት ይቆያል። እኔ ጋ ያለውን የአንተን ግልባጭ ግን ፈቃዱ ሲመጣ አወጣዋለሁ፤ ከዚያ በፊት ቁጥሩን በቁጥር አመሳክረን ሁለታችንም እንፈርማለን፣ እዚያው ቢሮ ከሆንክ። ካልሆንክም ከእኛው ሂሳብ ሹም ጋር እንዲሁ ላደርግ ነው።

የኮምቦልቻው፣ የሁለት ፊቱን ነገር በ7 ኮምፒውተር አስተካክለናል። ጋራ ፎልደሩ ገና ነው፤ ገመዱ የሚገዛው በጥር በጀት ነው ተብያለሁ። እስከዚያ ግን ኃላፊው «ግልባጭ» የሚለው ሥር ሥራ የማይሠራበት ክፍል እንዳይጻፍ ብለው ለጸሐፊዋ ነግረዋታል። ባለፈው ሳምንት የወጣ የዓመት ፈቃድ ደብዳቤ አይቻለሁ፤ አራት ቅጠል ነው።

አባባ፣ አንድ ልጠይቅዎት። የኩታበሯን እናት አልረሳሁም። የባለቤታቸው ማህደር ቢቃጠልም የወጪ መዝገባችን ግን አልተቃጠለም፤ ወፍራሙ ባለ ጥቁር ልባጥ መዝገብ እኔ ጠረጴዛ ሥር ነው ያለው። ሌሊቱን ሳገላብጠው በ1994 ስለ እሳቸው ቅጥር ለዞን የተጻፈ ደብዳቤ ቁጥርና ቀን አገኘሁ። እንዲህ ያለ ደብዳቤ በዚያ ጊዜ ከተቀባዩ ዘንድ በሠራተኛው ስም ነው የሚታሠረው ወይስ በላኪው መሥሪያ ቤት ስም? ሰኞ ጠዋት መዝገብ ቤታቸው እሄዳለሁ፤ የቱን እንደምጠይቅ አውቄ ልሂድ ብዬ ነው።